እስክርቢቶና የጤፍ እብቅ ይዞ የኤሌክትሪክ ቻርጅን መፈተሽ

ቢቸና ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የኩሎምን ሕግ፣ ማለትም በሁለት ቻርጆች መካከል ያለው ኃይል የሚሰላበትን ቀመር፣ እንደ ዳዊት ይደግሙታል፤ ቁጥር ሰጥቼ አስሉ ስላቸውም ያሰላሉ። "ሁለት ዕቃዎች ሁለቱም ቻርጅ እንዳላቸው በምን ታውቃላችሁ?" ብዬ ስጠይቅ ግን ክፍሉ ባንድ ድምፅ "ስለሚሳሳቡ!" ይላል። መሳሳብ ይህን አያረጋግጥም። አንደኛው ቻርጅ ኖሮት ሌላው ባይኖረውም ይሳሳባሉ። የሚያረጋግጠው መገፋፋት ነው። ይህ ነጥብ የገባው ልጅ ቀሪውን የኤሌክትሮስታቲክ ትምህርት ያለ ብዙ ድካም ይዘልቀዋል፤ የሚገባው ደግሞ በእጁ ሲሠራው ነው። ስለዚህ ቤተ ሙከራ ለሌለው መምህርም፣ ልጁን ለሚያስጠና ወላጅም፣ ለብቻው ለሚያነብ ተማሪም አሠራሩን እንዲህ አስቀምጬዋለሁ።

አስቀድሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እዚህ የምንሠራው ሁሉ በማሸት በሚፈጠር ጥቂት ቻርጅ ነው፤ ሰው አይጎዳም። ከግድግዳ ሶኬት ጋር ምንም ነገር አታገናኙ። ልጆች ከእናንተ ተለይተው "እንሞክረው" እንዳይሉ ይህን ከሁሉ በፊት ንገሯቸው።

ወቅቱና ዕቃው

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። አየሩ ይደርቃል፣ ፀሐዩ ይበረታል፣ ጤፉም ከአውድማ ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ጮቄ በጉም ተሸፍኖ በሚውልበት ወቅት፣ ያው እስክርቢቶ አንድ ቅንጣት አያነሣም። እርጥበት ባለበት በዕቃው ገጽ ላይ ዓይን የማያየው ቀጭን የውሃ ሽፋን ይተኛል፤ ቻርጁ በዚያ ላይ ተንሸራቶ በእጃችሁ በኩል ወደ መሬት ይሄዳል። በክረምት መሥራት ግድ ከሆነባችሁ እስክርቢቶውንና ጨርቁን ከከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀምጣችሁ ሞቅ አድርጓቸው፤ ሥራውን ግን ከእሳቱ ራቅ ብላችሁ ሥሩ። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ አሳያችኋለሁ።

ሁለት ጠንካራ የፕላስቲክ እስክርቢቶዎች፣ ሁለት ፊኛዎች፣ አንድ ፌስታል፣ የመስፊያ ክር፣ አንድ አፈ ሰፊ የማርማላታ ጠርሙስ፣ ከመብራት መስመር ሥራ የተረፈ የመዳብ ሽቦ፣ የአሉሚኒየም ፎይልና ንጹሕ ሰም አዘጋጁ። ለማሸት ሱፍን የሚያህል የለም፤ ባና ወይም በርኖስ ያለው ቤት በዚህ ታድሏል። የሱፍ ሹራብም ይሆናል። ጋቢ ጥጥ ስለሆነ ይደክማል። ጸጉር ጥሩ ነው፤ ቅቤ ወይም ሌላ ቅባት የተቀባ ጸጉር ግን አይሠራም፤ ስለዚህ ከተማሪዎቹ መካከል ጸጉሩን ታጥቦ ያደረቀውን ምረጡ።

እብቁ ሲዘል

ደረቅ የብረት ትሪ ላይ አንድ ቁንጥር የጤፍ እብቅ በትኑ። ሳይደራረብ በስሱ ይዘርጋ። እስክርቢቶውን በአንድ ጫፉ ይዛችሁ ሌላውን ጫፍ በሱፉ ፈጠን ፈጠን እያደረጋችሁ እሹት። ከዚያ የታሸውን ጫፍ ከእብቁ በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙት።

መጀመሪያ ረዘም ረዘም ያሉት ቅንጣቶች ጫፋቸውን ያነሣሉ። ከትሪው ሳይለቁ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ይንቀጠቀጣሉ። እስክርቢቶውን ትንሽ ዝቅ ስታደርጉ ዘለው ይጣበቃሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "አየህ፣ ሳበው!" ብሎ ሙከራውን ይጨርሳል። እናንተ አትጨርሱ። እጃችሁን ሳታነቃንቁ ጥቂት ቆዩ። ከተጣበቁት መካከል አንዳንዶቹ ድንገት ተስፈንጥረው ይሄዳሉ። ዝም ብለው ወደ ታች ቢወድቁ ክብደታቸው ነው እንል ነበር፤ እነሱ ግን ወደ ጎን ይወረወራሉ። አንዳንዱ ቅንጣት ትሪውን ነክቶ ተመልሶ ይዘላል፤ ደግሞ ይወረወራል። አንዲት ተማሪዬ ጎንበስ ብላ ስታይ ቆይታ "ቲቸር፣ ወዶ ከመጣ ለምን ይሸሻል?" ብላ ጠየቀችኝ። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይኸው ነው።

መልሱን ከመነሻው ላስረዳ። ማንኛውም ቁስ በአተሞቹ ውስጥ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ፕሮቶኖችና ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው ኤሌክትሮኖች አሉት። ቁጥራቸው እኩል ሲሆን ቻርጁ ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል። ሱፍና ፕላስቲክ ሲተሻሹ ከሱፉ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ወደ ፕላስቲኩ ይሻገራሉ፤ እስክርቢቶው ኔጋቲቭ፣ ሱፉ ደግሞ በዚያው መጠን ፖዘቲቭ ይሆናል። ማሸት ቻርጅን ከምንም አያመጣም፤ የነበረውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራል እንጂ።

እብቁ ገና ቻርጅ የለውም። ኔጋቲቩ እስክርቢቶ ከላይ ሲመጣበት በእብቁ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ወደ ታች፣ ወደ ትሪው በኩል ይገፋሉ፤ በእስክርቢቶው በኩል ያለው ጫፍ ፖዘቲቭ ይሆናል። ፖዘቲቩ ጫፍ ይሳባል፣ ኔጋቲቩ ጫፍ ይገፋል። የሚሳበው ጫፍ ግን ለእስክርቢቶው የቀረበው ነው፤ ኃይሉ በርቀት ስለሚዳከም መሳቡ ያሸንፋል። እብቁ ሄዶ ሲጣበቅ ከእስክርቢቶው ኤሌክትሮኖችን ይቀበላል። አሁን ሁለቱም ኔጋቲቭ ናቸው፤ ስለዚህ ይገፋፋሉ። ትሪውን ሲነካ የተቀበለውን ትርፍ ቻርጅ ያራግፍና እንደገና ይሳባል። ብረት ትሪ ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎቹን አንድ ነገር አስተውሉ በሏቸው። እብቁን ወደ ታች የምትስበው 6×10²⁴ ኪሎ ግራም የምትመዝነው ምድር ናት። እሷን አሸንፎ ያነሣው በሱፍ የታሸ የእስክርቢቶ ጫፍ ነው። በሃይድሮጅን አተም ውስጥ በፕሮቶኑና በኤሌክትሮኑ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል በሁለቱ መካከል ካለው የስበት ኃይል በ10³⁹ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ይህን ኃይል በየዕለቱ የማናየው ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ እጅግ በተስተካከለ ሁኔታ ስለሚጣፉ ነው።

መገፋፋትን ማየት

አንዱን እስክርቢቶ መሃሉ ላይ በክር አስራችሁ አግድም እንዲንሳፈፍ አንጠልጥሉት። በርና መስኮት ዝጉ፤ ትንሽ ንፋስ ሁሉን ያበላሻል። የተንጠለጠለውን እስክርቢቶ አንድ ጫፍ በሱፉ እሹና ልቀቁት፤ መዞሩን እስኪያቆም ጠብቁ። ሁለተኛውን እስክርቢቶ በዚያው ሱፍ አሽታችሁ ከጎኑ አስጠጉት። የተንጠለጠለው ዞሮ ይሸሻል። አሁን ሁለቱም ቻርጅ እንዳላቸውና ቻርጃቸውም አንድ ዓይነት እንደሆነ ያለ ጥርጥር መናገር ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ያልታሸ ጣታችሁን አስጠጉ። እስክርቢቶው ወደ ጣታችሁ ይመጣል። ጣታችሁ ግን ቻርጅ የለውም። ከዚያ ንጹሕና ደረቅ ብርጭቆ በፌስታል አሽታችሁ አስጠጉ፤ አሁንም ይመጣል። ተማሪው "ብርጭቆው ተቃራኒ ቻርጅ አለው" ለማለት ይቸኩላል። ጣታችሁም እኮ ስቦታል! ብርጭቆው በእርግጥ ፖዘቲቭ ነው፤ ይህ ሙከራ ግን አላረጋገጠውም። ማረጋገጫው ከታች በምንሠራው ዕቃ ይመጣል። ብርጭቆውን ያሻችሁበትን ፌስታል ብታስጠጉት ግን እስክርቢቶውን ይገፋዋል፤ ፌስታሉ ከብርጭቆው ኤሌክትሮን ወስዷልና።

ሁለት ዓይነት ቻርጅ መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1733 ፈረንሳዊው ዱ ፌ የለየው በእንዲህ ያለ የመሳብና የመገፋት ሙከራ ነው። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሚለውን አጠራር ያመጣው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ኤሌክትሮን የታወቀው ግን ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በ1897 በጄ. ጄ. ቶምሰን ሥራ ነው። የኤሌክትሮን ቻርጅ ኔጋቲቭ ተብሎ የቀረው ስያሜው ስለቀደመ ነው፤ ተማሪ "ለምን ኔጋቲቭ ሆነ?" ብሎ ሲጨነቅ ይህን ንገሩት።

ኤሌክትሮስኮፕ መሥራት

ኤሌክትሮስኮፕ ቻርጅ መኖሩን በቅጠሎቹ መከፈት የሚያሳይ ዕቃ ነው። ይህን ዕቃ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ጊዜ ሰጥታችሁ በጥንቃቄ ሥሩት።

የማርማላታውን ጠርሙስ እጠቡና ፀሐይ ላይ ውስጡ ፈጽሞ እስኪደርቅ አቆዩት። የብረት ክዳኑን መሃል በአንድ ብር ሳንቲም ስፋት ቅደዱት። ሽቦው ክዳኑን መንካት የለበትም፤ በሁለቱ መካከል ቻርጅ የማያሳልፍ ነገር ያስፈልጋል። ለዚህ ጎጃም ውስጥ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ሰም አለ። ነገር ግን ከጠጅ ላይ የተገፈፈ ሰፈፍ እንዳለ አይሆንም። ማር የቀረበት ሰም እርጥበት ይስባል፤ ቻርጁም በዚያ በኩል ይሾልካል። በውሃ ተፍቶ፣ ቀልጦና ተጣርቶ የረጋ ሰም ይሁን። የጧፍ ሰምም ክሩ ተለይቶ ከወጣለት ይሠራል።

ከመዳብ ሽቦው አንድ ስንዝር ቁረጡና ሽፋኑን በሙሉ ግፈፉ። የላይኛውን ጫፍ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ጠምዝዙት ወይም የፎይል ኳስ አልብሱት። የታችኛውን ጫፍ እንደ ሜንጦ እጠፉት። በክዳኑ ቀዳዳ አሳልፉትና ዙሪያውን ለዘብ ባለ ሰም ሞልታችሁ እስኪረጋ ያዙት። ከስሱ ፎይል ርዝመታቸው 4 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋታቸው ግማሽ ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቅጠሎች ቁረጡ። ፎይል ካጣችሁ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ወረቀቱን ከጀርባው ላጡት። ቅጠሎቹን ጫፋቸው ላይ በስታችሁ ሜንጦው ላይ ጎን ለጎን ስቀሏቸው። ቀዳዳው ጠበብ ካለ ቅጠሉ ይያዛል፤ እፍ ስትሉበት እንደልቡ የሚወዛወዝ ይሁን። ከዚያ ክዳኑን ግጠሙ።

የታሸ እስክርቢቶ ከላይ ሳትነኩ አስጠጉ፤ ቅጠሎቹ ይከፈታሉ። አርቁት፤ ይዘጋሉ። የእስክርቢቶው ኔጋቲቭ ቻርጅ የሽቦውን ኤሌክትሮኖች ወደ ታች ገፍቶ ሁለቱንም ቅጠሎች ኔጋቲቭ ስላደረጋቸው ነው የተገፋፉት። አሁን የእስክርቢቶውን ጎን ሽቦው ላይ ጫን አድርጋችሁ ጎትቱት። እስክርቢቶው ሄዶም ቅጠሎቹ እንደተከፈቱ ይቀራሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ቅደም ተከተል ይፈልጋል። ኤሌክትሮስኮፑን በጣታችሁ ነክታችሁ አራግፉት። እስክርቢቶውን አስጠጉ፤ ሳታርቁት በሌላ እጃችሁ ጣት ሽቦውን ንኩ፤ ጣታችሁን አንሡ፤ እስክርቢቶውን የምታርቁት ከዚያ በኋላ ነው። ጣትና እስክርቢቶ ተራቸውን ከለወጡ ምንም አይቀርም። በትክክል ከሠራችሁት ቅጠሎቹ ይከፈታሉ፤ እስክርቢቶው ግን ሽቦውን ከቶ አልነካውም! ኤሌክትሮኖቹ ተገፍተው በጣታችሁ በኩል ወጡ፤ ጣታችሁ ሲነሣ መመለሻ አጡ። ኤሌክትሮስኮፑ ፖዘቲቭ ሆኖ ቀረ።

በፌስታል ያሻችሁትን ብርጭቆ አሁን አስጠጉት። ቅጠሎቹ የበለጠ ይከፈታሉ። ብርጭቆው ፖዘቲቭ መሆኑ ተረጋገጠ። እስክርቢቶውን ቀስ ብላችሁ ስታስጠጉ ቅጠሎቹ ይሰበሰባሉ፤ ባዶ መዳፋችሁን ስታስጠጉም ጥቂት ይሰበሰባሉ። ስለዚህ መሰብሰባቸውን አይታችሁ አትፍረዱ፤ መከፈታቸውን አይታችሁ ፍረዱ።

ቅጠሎቹ እንደተከፈቱ የበራ ጧፍ ከሽቦው ጫፍ አንድ ጋት ራቅ አድርጋችሁ ያዙ። ሳይነካው ቅጠሎቹ ይዘጋሉ። ነበልባል በዙሪያው ካለው አየር አዮኖችን፣ ማለትም ቻርጅ ያላቸውን ቅንጣቶች፣ ይፈጥራል፤ አዮኖቹ ቻርጁን ያጣፉታል። ከምድጃ ራቁ ያልኳችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

በዚሁ ዕቃ የሚያስተላልፈውንና የማያስተላልፈውን መለየት ይቻላል። ቻርጅ ባለው ኤሌክትሮስኮፕ ጫፍ ላይ ሚስማር፣ ደረቅ ክር፣ እርጥብ ክር፣ ፕላስቲክ እየያዛችሁ ንኩ። የቱ ቅጠሉን ወዲያው እንደዘጋው፣ የቱ እንዳልዘጋው ተማሪዎቹ ይመዝግቡ። ደረቅ እንጨት ላይ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ያዩታል፤ "ያስተላልፋል ወይስ አያስተላልፍም?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ወይም አይደለም እንዳልሆነ ያን ጊዜ ይረዳሉ።

ኃይሉን መለካት

ሻርል ኩሎም እ.ኤ.አ. በ1785 በቀጭን ሽቦ ጥምዘዛ ኃይሉን ለካና ሕጉን አስቀመጠ፦

ኃይል = 9×10⁹ × (ቻርጅ 1 × ቻርጅ 2) ÷ ርቀት²

ኃይሉ በኒውተን፣ ቻርጁ በኩሎም፣ ርቀቱ በሜትር ነው። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል።

እኛ በፊኛ እንለካለን። ሁለት ፊኛዎች እኩል ነፉ፤ በጣም አታስፋፏቸው። ክብደታቸውን ወርቅ ቤት ባለ ሚዛን አስመዝኑ፤ ባለወርቁ ለተማሪ እምቢ አይልም። ከክፍሉ መሃል፣ ከግድግዳ ርቆ፣ ሁለቱንም ከአንድ ነጥብ እኩል ርዝመት ባለው ክር አንጠልጥሏቸው። ቋጠሯቸውን ይዛችሁ እያዟዟራችሁ ዙሪያቸውን በሱፍ እሹ፤ ከዚያ ልቀቁና ራቅ በሉ፤ ቀረብ ካላችሁ ወደ እናንተ ይመጣሉ። ተራርቀው ይቆማሉ። ከመሃል እስከ መሃል ያለውን ርቀት ከፊት ለፊታቸው ቆማችሁ በማስመሪያ አንብቡ።

ለምሳሌ እያንዳንዱ ፊኛ 2 ግራም፣ ከመንጠልጠያው እስከ ፊኛው መሃል 1 ሜትር፣ በፊኛዎቹ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የአንዱ ፊኛ ክብደት 0.002×9.8፣ ማለትም 0.0196 ኒውተን ነው። ክሩ ያዘነበለው በ0.1 ሜትር ለ1 ሜትር ስለሆነ የሚገፋው ኃይል የክብደቱ አንድ አሥረኛ፣ 0.002 ኒውተን ገደማ ነው። ይህን በሕጉ ውስጥ ስንተካ፣ የሁለቱ ቻርጅ እኩል ነው ብለን፣ የአንዱ ቻርጅ 9.4×10⁻⁸ ኩሎም ገደማ ይመጣል። የአንድ ኤሌክትሮን ቻርጅ 1.6×10⁻¹⁹ ኩሎም ስለሆነ ከሱፉ ወደ ፊኛው የተሻገሩት ኤሌክትሮኖች 590 ቢሊዮን ያህል ናቸው። ሕጉ ለነጥብ ቻርጅ የተጻፈ ነው፣ ፊኛ ደግሞ ነጥብ አይደለም፤ ስለዚህ የምታገኙት ግምት ነው። ቢሆንም ተማሪው ይህን ቁጥር በገዛ እጁ ሲያወጣ ማየት እጅግ ያስደስተኛል። አንድ ኩሎም ምን ያህል ግዙፍ እንደሆነም ያን ጊዜ ይገባዋል፤ አንድ ሜትር ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት የአንድ ኩሎም ቻርጆች የሚገፋፉበት ኃይል ከ900 ሺህ ቶን ክብደት በላይ ነው።

ከክፍል ውጭ

ወፍጮ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ቺንጊያው ሲሽከረከር በአጠገቡ የክንድ ጸጉር እንደሚቆም ያውቃሉ። ጎማው ከመዘውሩ ጋር እየተነካካ ሲለያይ ቻርጅ ይከማቻል። ልጆች ይህን ሊያዩ ወደ ቺንጊያው እንዳይጠጉ፤ የሚያሰጋው ማሽኑ ነው።

ቤንዚን በጀሪካን የምትገዙ ጀሪካኑን መኪና ወይም ባጃጅ ላይ እንዳለ አታስሞሉ፤ መሬት ላይ አስቀምጡት። ነዳጅ በቱቦ ሲፈስ ቻርጅ ይዞ ይሄዳል። ደረቅ አየር በአንድ ሚሊ ሜትር 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስበት ብልጭታ ያሳልፋል፤ ለቤንዚን ትነት ትንሽ ብልጭታ ይበቃዋል።

መብረቅም የዚሁ ትምህርት ክፍል ነው። ደመና ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች እየተጋጩ ቻርጅ ይለያያሉ፤ ብዙውን ጊዜ የደመናው ሥር ኔጋቲቭ ይሆናል። ከሥሩ ያለው መሬት፣ በትሪው ላይ ያለው እብቅ በሆነበት አኳኋን፣ ገጹ ፖዘቲቭ ይሆናል። መብረቁ ሲወርድ 30,000 አምፒር ገደማ የሚደርስ ከረንት ለቅጽበት ያልፋል። ዛፍ ሲመታ ከረንቱ በመሬቱ ላይ ስለሚሰራጭ ከሥሩ የተጠለለ ከብት የፊትና የኋላ እግሩ ተራርቆ በመቆሙ ብቻ ይሞታል። እረኞች ከባሕር ዛፍና ከዋርካ ሥር እንዳይጠለሉ ደግማችሁ ደጋግማችሁ ንገሯቸው። ብልጭታውን አይተው ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያለውን ሴኮንድ ይቁጠሩና ለ3 ያካፍሉ፤ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይወጣል። ነጎድጓድ ከተሰማ ግን መብረቁ የሚደርስበት ርቀት ውስጥ ናቸው ማለት ነው፤ ቤት ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ ገብተው ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ይቆዩ።